ግራ እግርዎ ሥራ ሲፈታ

ከማንዋል መኪና ወደ ኤሌክትሪክ መኪና የሚሻገር ሰው የመጀመሪያውን ስህተት የሚሠራው በግራ እግሩ ነው። ባጃጅ ድንገት ሲገባበት ቀኝ እግሩ ፍሬን ይይዛል፤ ግራ እግሩም በሃያ ዓመት ልማዱ ፍሪሲዮን ፍለጋ ይወርዳል። ፍሪሲዮን ግን የለም። እግሩ የሚያርፈው በሰፊው የፍሬን ፔዳል ጠርዝ ላይ ነው፤ ፍሪሲዮን እስከ ወለሉ የሚረገጥ ስለሆነ ፍሬኑንም እንደዚያው ይረግጠዋል። መኪናዋ ባለችበት ቀጥ ትላለች፣ ከኋላ የሚከተለው መጥቶ ይለጥፍባታል።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግራ እግርዎን በማሳረፊያው ላይ እንኳ አያስቀምጡት። ተረከዙን ወደ ወንበሩ ሳብ አድርገው ይሰብስቡት። ከዚያ ተነስቶ ፔዳል ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በዚያች ግማሽ ሰከንድ ውስጥ «የለም» ብለው ያስቆሙታል። እግሩ መነሳት ሲተው ወደ ማሳረፊያው ይመልሱት።

ይህን የምጽፈው ለውጥ ለሚከብዳቸው ሾፌሮች ነው። አንድ ኮሮላ ወይም አንድ ቪትዝ ይዘው የኖሩ ጅማ ውስጥ ብዙ ናቸው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ አዲስ መኪና ልግዛ ያለ ሰው ወደደም ጠላም ዓይኑ ኤሌክትሪክ ላይ ያርፋል። የሚከብደው ነገር እልኸኝነት አይደለም፤ እርጅናም አይደለም። እግር ልማድ አለው፣ እጅ ልማድ አለው፣ ጆሮም ልማድ አለው። ሦስቱን በአንድ ቀን ማስረሳት አይቻልም። ተራ በተራ ከሆነ ግን ይቻላል፤ ተራውም መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ቻርጅ፣ ስክሪኑ ደግሞ መጨረሻ ነው። ሻጮች ከስክሪኑ ይጀምራሉ። እኔ ይህን አልስማማበትም፤ ሰውየው ገና ፍሬኑን ሳይለምድ የወንበር ማሞቂያ ያሳዩታል።

የመጀመሪያው ቀን መንዳት የሌለበት ቀን ይሁን። ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለው ሃያ ደቂቃ ይስጡት። ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሲረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ እጥፍ ብሎ መቅረት አለበት፤ ቀጥ ካለ ወንበሩ ርቋል ማለት ነው። ጀርባዎ ወንበሩን ሳይለቅ ክንድዎን ሲዘረጉ አንጓዎ የመሪው አናት ላይ ይረፍ። በደረትዎና በመሪው መካከል ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ይተው፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ያንን ቦታ ይፈልገዋል። ከዚያ ዓይንዎን ሳያነሱ ፍሬቻውን፣ ዝናብ መጥረጊያውን፣ ረጅም መብራቱን፣ የመስታወት ጉም ማጥፊያውን በእጅዎ ያግኙ። የጅማ ዝናብ ሲመጣ አያስጠነቅቅም፤ በሮቹ ተዘግተው አራት ሰው ከተነፈሰ የፊት መስታወቱ በሁለት ደቂቃ ይጋረዳል። የጉም ማጥፊያው ቁልፍ ስክሪኑ ውስጥ የተደበቀ ከሆነ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ቆመው ይለማመዱት።

ጆሮን የሚያሳስተው ዝምታው ነው። በአሮጌዋ መኪና ሞተሩ ካልጮኸ መኪናዋ ጠፍታለች። በኤሌክትሪኳ ሞተር ባይሰማም ክሩስኮቱ ላይ «ሬዲ» የሚለው ጽሑፍ ወይም ምልክት ከበራ መኪናዋ ለመሄድ ዝግጁ ናት፤ ማርሹ ዲ (ወደ ፊት መሄጃው) ላይ ከሆነና እግርዎን ከፍሬን ካነሱ ብዙዎቹ ራሳቸው መሳብ ይጀምራሉ። ጠፍታለች ብሎ ወርዶ በር የሚዘጋ ሾፌር ልጅ ከኋላ ትቶ ከሆነ አደጋው ግልጽ ነው። ስለዚህ ሲወርዱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይያዙ፦ ፍሬን ረግጠው ማርሹን ፒ (ማቆሚያው) ላይ ማድረግ፣ የእጅ ፍሬን፣ ማጥፊያው ቁልፍ፣ «ሬዲ» መጥፋቱን በዓይን ማየት፣ ከዚያ በር። ድምፅ አውጥተው ቢቆጥሩት ቶሎ ይገባል። ዝምታው እግረኛውንም ያታልለዋል። እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድ ሰው ወይም የሚጎተት በግ መኪና መምጣቱን አይሰማም፤ ሲጠጉ ቀድመው ፍጥነት ይቀንሱ።

አሁን ወደ ቀኝ እግር። ነዳጅ ባይኖርም ሁላችንም «ነዳጅ መስጫ» ነው የምንለው፤ ያ ፔዳል ሲለቀቅ መኪናዋ እንደ ድሮዋ ዝም ብላ አትንሸራተትም፤ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ጎማውን ይይዛል፣ ኃይሉንም ወደ ባትሪ ይመልሳል። ማንዋል ለነዳ ሰው ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። ቁልቁለት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሲወርዱ ሞተሩ መኪናዋን እንደሚይዛት ያስቡት፤ ስሜቱ ያው ነው። ይህ የሞተር መያዣ ደረጃ ካለው ከዝቅተኛው ይጀምሩ። በቮልስዋገን አይዲ መኪኖች ዲ ላይ ስትሆን መኪናዋ ይበልጥ ትንሸራተታለች፣ ቢ ላይ ስትሆን ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች። የመጀመሪያው ሳምንት ዲ ይበቃል። ፔዳሉን በአንዴ መልቀቅ ተሳፋሪን ወደ ፊት ያነጥራል፤ እንደ ውኃ ቧንቧ ቀስ እያሉ መመለስ ነው።

እዚህ ላይ ጅማን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ባትሪው 100 ከመቶ ሲሞላ የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ መያዣው ይደክማል ወይም ይጠፋል። ቤቱ ወደ ጅሬን ዳገት የሆነ ሰው ሌሊቱን ሞልቶ ጠዋት ቁልቁል ሲወርድ፣ ትናንት እግሩን ሲያነሳ የምትቆመው መኪና ዛሬ ዝም ብላ ትንደረደራለች። ፍሬኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ ረገጥ ካደረጉት ይሠራል። ለውጥ ለሚከብደው ሰው ግን መኪናዋ በየቀኑ ጠባይዋን የምትለውጥ ትመስለዋለች፤ ብዙ ሰው ከአዲሷ መኪና ጋር የሚጣላው በዚህ ነው። ዳገት ላይ የሚኖር ሰው ለዘወትር 80 ወይም 85 ከመቶ ላይ እንድታቆም ያዛት፤ ጠባይዋ አንድ ዓይነት ይሆናል።

ለመለማመጃ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሰፊና ጭር ያለ መንገድ ይምረጡ። ሦስት ቀን ያንኑ መንገድ ብቻ። ከዚያ የዘወትር መንገድዎን፣ ቀጥሎ ዳገትና ቁልቁለት፤ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ላይ ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት መውጣትና መውረድ ለዚህ ጥሩ ነው። በገበያ ቀን መርካቶን መግባት ለሦስተኛው ሳምንት ይቆይ። አሮጌዋ መኪና ገና ካልተሸጠች ሁለቱን በአንድ ቀን አይንዱ፤ እግሩ ለቀን ሁለት ሕግ አይችልም። ልጅ አባቱን ጎን ተቀምጦ የሚያለማምድ ከሆነ «አባዬ ፍሬን!» ብሎ መጮህ ክልክል ነው፤ ጩኸት ሁለቱንም እግር ያወርዳል። አስቀድመው «ቀስ» በሚለው ቃል ይስማሙ፣ ሌላ ቃል አይጨመር።

ቻርጁ ላይ ረዘም ልበል፤ ጭንቀቱም አደጋውም ያለው እዚያ ነው። ከመኪናዋ ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 አምፔር ይስባል። 10 አምፔር በ220 ቮልት 2.2 ኪሎዋት ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ20 ወደ 80 ከመቶ ለማድረስ 36 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ በሙቀት የሚባክነው ሲታከልበት 18 ሰዓት ገደማ። ይህን ቁጥር ሰምተው የሚደነግጡ አሉ። ግን ባዶ አድርጎ መሙላት የነዳጅ ማደያ ልማድ ነው። ጅማ ውስጥ በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የሚያወጣው 5 ወይም 6 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ በ3 ሰዓት ውስጥ ይመለስለታል። እንደ ስልክ ማታ ማታ ይሰኩት።

የሚሰካበት ሶኬት ግን እንደ ስልክ አይደለም። 10 አምፔር ለሰዓታት ሳያቋርጥ ሲፈስ፣ የላላ ሶኬት ውስጥ ያለው ደካማ ንክኪ ይግላል፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ስለዚህ ለብቻው የተዘረጋ መስመር፣ ቢያንስ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ አዲስና ጥብቅ ሶኬት ያስፈልጋል። በ32 አምፔር የሚሠራ የግድግዳ ቻርጀር ከሆነ (7 ኪሎዋት ነው፤ ያው 36 ኪሎዋት ሰዓት በ6 ሰዓት ውስጥ ይገባል) ሽቦው ቢያንስ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ቆጣሪውም ይችል እንደሆነ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይይ። በተሰካ በግማሽ ሰዓት መሰኪያውን በእጅ ይንኩት። ለብ ማለት ደህና ነው፤ እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ወዲያው ያጥፉ። የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ጥቅልሉ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል።

ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ካለ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ምድር ሽቦ አለመኖሩ ነው። በድሮ ቤቶች ሦስተኛው ቀዳዳ ለስም ብቻ አለ። ቻርጀሩን ለማታለል ምድር ሽቦውን ከኒውትራል ጋር የሚያያይዙ ሰዎች አሉ፤ እባክዎን አይፍቀዱ። ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢበጠስ የመኪናዋ ብረት ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በር የሚከፍተውን ይጨርሰዋል። ምድር ላይ የሚቀበር ዘንግ ማስተከል ነው ትክክሉ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቮልቴጁ ስለሚዘል፣ ሲበዛና ሲያንስ የሚያቋርጥ መከላከያ መሥመሩ ላይ ይግባ። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ደግሞ ይለይ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ስለሚስብ ሁለቱ አብረው ዋናውን ብሬከር ያወርዳሉ። የቻርጀሩ ሣጥን መሬት ላይ አይጣል፤ ጎርፍ በማይደርስበት ከፍታ ይሰቀል።

ስንት ከመቶ ይሞላ የሚለው በባትሪው ዓይነት ይወሰናል። የቢዋይዲ ብሌድ ባትሪ ሊትየም አይረን ፎስፌት ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ባትሪ የሚያሳየው የከመቶ ቁጥር እንዳይዛባ በሳምንት አንዴ ያህል 100 ቢደርስ ይመከራል። ኒኬል ያለበት ባትሪ ግን ለዘወትር 80 ይበቃዋል፤ 100 ለረጅም መንገድ፣ ያውም ለመነሳት ሲሉ። ከቻይና የሚመጡት መኪኖች መሰኪያ ጂቢ/ቲ ይባላል። የአውሮፓው ታይፕ 2 ሲያዩት ይመስለዋል፣ ሁለቱም ሰባት እግር አላቸው፣ ግን አይገጣጠሙም። ቻርጀር ከመግዛትዎ በፊት የመኪናዋን አፍ ፎቶ ያንሱ።

ቁጥሩን ማመን ጊዜ ይወስዳል። ክሩስኮቱ የሚያሳየው ቀሪ ኪሎ ሜትር በቅርብ ጊዜ አነዳድዎ ላይ የተመሠረተ ግምት ነው፤ ዳገት አያውቅም። ለሒሳብ በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይያዙ። አጋሮ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ያለ ሐሳብ ይሄዱበታል፤ የመጀመሪያው የከተማ ውጭ ጉዞ እሱ ይሁን። አዲስ አበባ ግን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 60 ኪሎዋት ሰዓት ለዚያ በጣም ይጠባል። የጊቤ በረሃም አለ። ሁለት ቶን የምትመዝን መኪና 100 ሜትር ወደ ላይ ለመውጣት ብቻ ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ትበላለች፤ ከድልድዩ ወደ ወልቂጤ ሲወጡ ቀሪው ኪሎ ሜትር ዓይንዎ እያየ ይቀልጣል። ወደ ጊቤ ሲወርዱ የተመለሰልዎት ከፊሉን ይክሳል እንጂ ሁሉንም አይክስም። የሚሞላበት ቦታ በስልክ ሳይረጋገጥ አይነሱ፤ ሲደርሱ 15 ከመቶ እንዲቀር አድርገው ያስሉ።

ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር ብቻ ቶሎ ይደረግ፤ መስመር ጠባቂው ይጥፋ። ካሜራው የመንገድ ቀለም አይቶ መሪውን ይጎትታል፤ ቀለሙ የተፋቀ ወይም በጭቃ የተሸፈነ መንገድ ላይ ጥላውንና የአስፋልቱን ስንጥቅ መስመር ነው ብሎ ይይዛል። መሪ ከእጁ ሲነጠቅ የተሰማው አዲስ ሾፌር ከዚያ በኋላ መኪናዋን አያምናትም። በብዙ መኪኖች እንደገና ስትነሳ ራሱ ስለሚበራ ከመንዳት በፊት ማየት ነው። አደጋ ሲያይ ራሱ የሚይዘውን ድንገተኛ ፍሬን ግን አያጥፉት።

የቀረው ከሌሎች ሰዎች ጋር ነው። ላቫጆ ላይ ቀዩ ጭቃ እንዲለቅ በከፍተኛ ግፊት ሲያጥቡ የቻርጅ አፉንና ኮፈን ሥር ያሉትን ብርቱካናማ ኬብሎች እንዳይረጩ ይንገሯቸው። ጎሚስታ ጋ ሲሄዱ ክሪኩ የሚገባበትን ቦታ እርስዎ ያሳዩ፤ ባትሪው ወለሉ ሥር ተዘርግቶ ስለሚገኝ ክሪክ መሐሉን ከገፋው ጉዳቱ የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ ሊወስድ ይችላል። ቦታው በጎን በኩል ከፊትና ከኋላ ጎማ አጠገብ ምልክት ተደርጎበታል። ብዙዎቹ ትርፍ ጎማ ይዘው አይመጡም፤ ሲገዙ ይጠይቁ። የጎማው ንፋስ መኪናዋ ስለምትከብድ ከድሮዋ ይበልጣል፤ ትክክለኛው ልክ የሾፌር በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፏል፣ ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ይለካ። መኪናዋ ለሳምንታት ቆማ ካልከፈተች ደግሞ ትልቁ ባትሪ አልሞተም፤ እንደ ድሮዋ ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላት፣ የደከመው እሱ ነው። ቁልፉ ውስጥ የተሰካችውን ብረት ቁልፍ ከአሁኑ አውጥተው በሩን በእሷ አንዴ ከፍተው ይዩ።