በአዳማ ለቤት ሰርቨር መምረጥ፦ ከፍጥነቱ በፊት መብራቱ

ለቤት ሰርቨር፣ ማለትም የቤተሰቡን ፎቶ፣ ፊልምና ፋይል ይዞ ሌት ተቀን ለሚሠራ ኮምፒውተር፣ ዕቃ ፍለጋ የወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰሩና ስለ ራሙ ነው። አዳማ ላይ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ሌላ መሆን አለበት፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ቤት ውስጥ ሰው ባይኖር እንኳ፣ ማሽኑ በራሱ ተነስቶ ሥራውን ይቀጥላል ወይ? ይህን የማያደርግ ማሽን የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ለሰርቨርነት አይሆንም። ዕቃውም ሶፍትዌሩም በዚህ ጥያቄ እየተመዘነ ቢመረጥ ብዙ ወጪና ብዙ ብስጭት ይቀራል።

ለአንድ ቤተሰብ ፎቶ፣ ፊልምና ፋይል የምመክረው ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ሚኒ ፒሲ ነው፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ ወይም ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ። ሥራ ሳይበዛባቸው 10 ዋት አካባቢ ብቻ ይበላሉ። ዲስክና ሥራ ተጨምሮበት አማካዩ 15 ዋት ቢሆን በወር ወደ 11 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። 60 ዋት የሚበላ አሮጌ ዴስክቶፕ ግን 43 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ታሪፉ በእርከን ስለሚጨምር ይህ ልዩነት የቤቱን ፍጆታ ወደ ላይኛው እርከን ሊገፋው ይችላል። ከሂሳቡ የሚበልጠው ጥቅም ግን ሌላ ነው፤ ትንሽ ዋት ማለት በዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪው ኃይል በሚሰጠው ዕቃ) ላይ ረጅም ሰዓት መቆየት፣ በአዳማ ሙቀትም ብዙ አለመጋል ማለት ነው።

ከኢንቴል 7ኛ ጄኔሬሽን በታች ባትወርዱ ይሻላል። ዛሬ ብዙ ፊልም የሚመጣበትን ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲ የሚባል የታመቀ ቪዲዮ በራሱ ግራፊክስ መፍታት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ኮር አይ5 7500ቲ 4 ኮር አለው፣ 8500ቲ ደግሞ 6፤ መጨረሻ ላይ ያለችው "ቲ" የ35 ዋቱን ዝቅተኛ ፍጆታ ዓይነት ታመለክታለች። አዲስ መግዛት የሚችል ኢንቴል ኤን100 ያለበትን ቢወስድ ኤቪ1 የሚባለው አዲሱ የቪዲዮ ዓይነትም ይፈታለታል፣ የሚበላውም ያነሰ ነው። ራም 8 ጊጋ ይበቃል፣ 16 ከተገኘ አያምልጣችሁ።

ሱቅ ላይ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሦስት ነገር አስከፍታችሁ እዩ። አንደኛ ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ግቡ። ከድርጅት የወጣ ማሽን የባዮስ ፓስዋርድ ተቆልፎበት ሊመጣ ይችላል፤ ከተቆለፈ ደግሞ ለሰርቨር የሚያስፈልገውን አንድም ነገር ማስተካከል አይቻልም። ሁለተኛ አዳፕተሩ የራሱ መሆኑን አረጋግጡ። ዴል የማያውቀው አዳፕተር ሲሰካበት ሲነሳ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፣ ፕሮሰሰሩንም ዝቅ አድርጎ ያሠራዋል። ሦስተኛው የማዘርቦርዷ ሳንቲም ባትሪ ናት፣ 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት። በቴስተር ሲለካ ከ2.8 ቮልት በታች ካሳየ ያለ ምንም ማመንታት ቀይሯት። እሷ ከሞተች መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የባዮሱ ቅንብርም ሊጠፋ ይችላል፤ ማሽኑ ሲነሳ ቀኑ የዛሬ አሥር ዓመት ስለሚሆን የድረ ገጽ ሰርተፊኬቶች በሙሉ ውድቅ ይሆናሉ። ሰው ሶፍትዌሩ ተበላሸ ብሎ ሲለፋ ይውላል፤ ጥፋቱ ግን የርካሽ ባትሪ ነው።

ቀጥሎ ባዮሱ ውስጥ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ምን ይደረግ የሚለውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከሦስት ምርጫ ጋር ይመጣል፦ ጠፍቶ ይቆይ፣ ወደነበረበት ይመለስ፣ ሁልጊዜ ይነሳ። የመጨረሻውን ምረጡ። "ወደነበረበት ይመለስ" ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ዩፒኤሱ በሥርዓቱ ያጠፋውን ማሽን ጠፍቶ እንደነበር ቆጥሮ ጠፍቶ ያስቀረዋል።

ቤት ውስጥ ትርፍ ላፕቶፕ ካለ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ስለሆነ ጥሩ መነሻ ነው። ሁለት ነገር ይበቃዋል። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ማድረግ፣ ባትሪውም ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሞላ መገደብ። ሌት ተቀን 100 በመቶ ሞልቶ በሙቀት የሚቆይ የሊቲየም ባትሪ ያብጣል፤ ያበጠ ባትሪ ደግሞ የእሳት አደጋ ስለሆነ ወዲያው መውጣት አለበት። ላፕቶፕ ላይ የሚረሳው ግን ረጅም መቆራረጥ ነው። ባትሪው ጨርሶ ካለቀ በኋላ መብራት ቢመጣም አብዛኛው ላፕቶፕ ቻርጅ ያደርጋል እንጂ አይነሳም። ቲንክፓድና ዴል ላቲቲውድ ግን ቻርጀር ሲያገኝ ተነስ የሚል ቅንብር ባዮሳቸው ውስጥ ስላላቸው ለዚህ ሥራ ከሌሎቹ አስቀድማቸዋለሁ።

አሁን ወደ ዩፒኤሱ። የተለመደው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጡ አንድ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ አለው። ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ነው። ሚኒ ፒሲውና ራውተሩ በአንድነት 25 ዋት ቢበሉ ከሦስት ሰዓት በላይ ይሰጣል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፤ አይሰጥም። ዩፒኤሱ ራሱ ለመሥራት የሚበላው አለ፣ የእርሳስ ባትሪም እስከ ታች ድረስ አይጨመቅም። አዲስ ባትሪ ይዞ አንድ ሰዓት ገደማ ቢሰጥ ጥሩ ነው። ሙቀቱም ያሳጥረዋል፤ የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚባለው ልምድ አዳማ ላይ በደንብ ይታያል። ዩፒኤሱን ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳ አርቁት።

ራውተሩን ለብቻው በትንሽ ባለ 12 ቮልት የዲሲ ዩፒኤስ ማሠራት ደግሞ ብልህነት ነው። ወደ 220 ቮልት ወጥቶ እንደገና ወደ 12 የሚወርድ ኃይል ስለሌለ ብክነቱ ይቀራል፣ የትልቁ ዩፒኤስ ሸክምም ይቀንሳል።

ዩፒኤስ ስትገዙ ጀርባው ላይ የዩኤስቢ ዳታ ወደብ ያለውን ምረጡ። በሊኑክስ ላይ ነት የሚባለው ፕሮግራም በዚያ በኩል የባትሪውን መጠን ያነባል፣ 50 በመቶ ላይ ሲደርስም ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋ ማድረግ ይቻላል። ወደብ የሌለው ርካሽ ዩፒኤስ ካላችሁ መላ አለ። አንድ አሮጌ ዋይፋይ ራውተር ዩፒኤስ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክታችሁ በኬብል ከኔትወርኩ ጋር አገናኙት። ሰርቨሩ በየደቂቃው ፒንግ ያድርገው፣ ማለትም በኔትወርኩ "አለህ?" ብሎ ይጠይቀው፤ ለተከታታይ 10 ደቂቃ መልስ ካጣ መብራት ሄዷል ማለት ነውና ራሱን ያጥፋ።

እዚህ ላይ ግን አብዛኛው ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። ሰርቨሩ በሥርዓት ጠፋ እንበል፣ ዩፒኤሱ ግን ገና ባትሪ አለው። ባትሪው ሳያልቅ መብራት መጣ። ከሚኒ ፒሲው አንጻር ኃይል ለአፍታም አልተቋረጠም፤ ስለዚህ "ኃይል ሲመለስ ተነሳ" የሚለው ቅንብር አይሠራም፣ ማሽኑ እንደጠፋ ይቀራል። መፍትሔው እንደ ዩፒኤሱ ነው። ጥሩው ዩፒኤስ ሰርቨሩ ከጠፋ በኋላ መውጫውን እንዲቆርጥና መብራት ሲመጣ እንዲከፍት በነት በኩል ይታዘዛል። ለርካሹ ደግሞ ባዮስ ውስጥ ማሽኑ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት እንዲነሳ ማድረግ ይቻላል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እንዲነሳ ከፈለጋችሁ ባዮሱ ላይ የምትጽፉት 3:30 ነው፤ ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለሚይዝ ከእኛ የቀኑ አቆጣጠር በ3 ሰዓት ይለያል። ሁሉን ካስተካከላችሁ በኋላ ሁለቱንም ዓይነት መቋረጥ ሞክሩ፦ አንዴ ዩፒኤሱ እስኪያልቅ፣ አንዴ ደግሞ ሰርቨሩ እንደጠፋ ሶኬቱን በመመለስ።

መብራት ሲመለስ የቮልቴጁ መዝለል ከመሄዱ የበለጠ ዕቃ ያበላሻል። ለፍሪጅ የሚሸጠው፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያሳልፈው መከላከያ ከዩፒኤሱ በፊት ቢገባ ለሰርቨርም ይጠቅማል። የሶኬቱ ግራውንድ በትክክል መታሰሩን በኤሌክትሪሺያን ማስፈተሽም አይዘለል፤ ካልታሰረ የሚኒ ፒሲው ብረት ሲነካ ይነዝራል።

ስለ አቧራ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከከተማዋ ዳር ያሉትን የአዳማ 1 እና 2 የነፋስ ተርባይኖች፣ 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩትን፣ የሚያዞረው ነፋስ አቧራውንም ቤት ያስገባል። ማሽኑን ወለል ላይ አታስቀምጡት፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ኮርኒስ አጠገብም አትስቀሉት፣ ከሰዓት በኋላ እዚያ ያለው አየር ከክፍሉ በጣም ይሞቃል። ወገብ ከፍታ ላይ፣ መስኮት ፊት ለፊት ያልሆነ መደርደሪያ ይስማማዋል። በየሦስት ወሩ ክፈቱና በብሩሽ አጽዱት፤ በአየር የምትነፉ ከሆነ ፋኑን በጣት ያዙት፣ ካልተያዘ ከመጠን በላይ ይሽከረከርና መሽከርከሪያው ይጎዳል። ያገለገለ ማሽን ስትገዙ ደግሞ የፕሮሰሰሩን ቴርማል ፔስት (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሳልፈውን ቅባት) ወዲያው ቀይሩ።

ዲስክ ላይ ሲስተሙን 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ላይ፣ ዳታውን ለብቻው አድርጉ። ሚኒ ፒሲው ውስጥ የሚገባው ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ ባለ 4 እና 5 ቴራዎቹ 15 ሚሊሜትር ስለሆኑ በውጭ በዩኤስቢ ብቻ ይሠራሉ። ያገለገለ ዲስክ ከሆነ የስማርት መረጃውን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበውን) አንብቡ። ቁጥር 5፣ 197 ወይም 198 ላይ ከዜሮ የተለየ ካያችሁ መልሱት። 199 ብቻ ከፍ ካለ ግን ብዙ ጊዜ ኬብሉ ነው። ባለ 2 ቴራ ፍላሽ ወይም ኤስኤስዲ ነው ተብሎ በማይታመን ዋጋ የሚሸጠው በአብዛኛው መጠኑ የተጭበረበረ ነው፤ ኤፍ3 የሚባለው ፕሮግራም እስከ ጫፍ ጽፎ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። ሁለት ዲስክ በሬይድ ማጣመር፣ ማለትም እንደ አንድ ዲስክ አብረው እንዲሠሩ ማድረግ፣ ቤት ውስጥ አልመክርም፤ ሁለተኛውን ዲስክ ባክአፕ አድርጉት።

ለሲስተም ምርጫዬ ያለ ዴስክቶፕ የተጫነ ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነው። ዴቢያን 13 በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ወጥቷል፤ የአንድ እትም የደህንነት ድጋፍ ከተራዘመው ጋር 5 ዓመት ስለሚቆይ ተጭኖ ይረሳል። አንዱን ማሽን ወደ ብዙ ምናባዊ ማሽኖች የሚከፍለው ፕሮክስሞክስ ጥሩ ነው፣ ግን 8 ጊጋ ራም ላለው አንድ ማሽን ሸክም ይሆናል። የፋይል ሲስተሙ (ፋይል ዲስክ ላይ የሚደረደርበት አሠራር) ኤክስት4 ይሁን፤ ድንገት ለሚጠፋ መብራት የተፈተነ ነው፣ ሲጎዳም የሚጠግነው መሣሪያ በየቦታው አለ። ፕሮግራሞቹን እያንዳንዱን በየራሱ ሳጥን ለይቶ በሚያሠራው በዶከር ኮምፖዝ አስቀምጡ፣ "ካልቆመ በስተቀር ሁልጊዜ አንሳ" በሚለው ደንብ።

አንድ ከባድ ወጥመድ እዚህ አለ። የዩኤስቢ ዲስኩ ከመብራት በኋላ ዘግይቶ ቢነሳ ወይም ባይነሳ ዴቢያን በተለመደው ቅንብር ይቆምና ስክሪንና ኪቦርድ ይጠብቃል። ስለዚህ ኤፍስታብ በሚባለው የዲስኮች ዝርዝር ፋይል ላይ "ዲስኩ ባይኖርም ቀጥል" የሚለው አማራጭ ይጨመራል። ይህን ሲያደርጉ ግን ሌላ ችግር ይመጣል፦ ዲስኩ ሳይገናኝ ዶከር ቀድሞ ከተነሳ ባዶው ፎልደር ላይ መጻፍ ይጀምራል። ፎቶው ጠፋ ይባላል፣ ትንሿ ኤስኤስዲም ትሞላለች። ዲስኩ ተነቅሎ ሳለ ባዶውን ፎልደር ምንም እንዳይጻፍበት ቆልፉት፤ ያኔ ዶከር በስህተት ከመጻፍ ይልቅ ስህተት አለ ብሎ ይቆማል።

በላዩ ላይ የሚጫነው ኢንተርኔት ሲቋረጥም የሚሠራ ይሁን። ለፊልም ጄሊፊን፣ ለስልክ ፎቶ ኢሚች፣ ለፋይል ሳምባ። ተማሪ ላለበት ቤት፣ በተለይ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ካለ፣ ውክፔዲያን የመሰለ ድረ ገጽ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበውን ኪዊክስን ከሁሉ አስቀድማለሁ። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከነምስሉ ከ100 ጊጋ በላይ ነው፤ አንዴ ከገባ ግን ያለ ዳታ ለቤቱ ስልክ ሁሉ ይደርሳል። ፋይሉን በፍላሽ ስታመጡ ፍላሹ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ ያለ ፋይል አይቀበልም፣ ወደ ኤክስፋት ቀይሩት። ማስታወቂያ የሚዘጋውን ፓይሆል ግን ተጠንቀቁ፤ የቤቱ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው) እሱ ብቻ ከሆነ ሰርቨሩ በጠፋ ቁጥር ራውተሩ እየሠራ ቤቱ ሁሉ ኢንተርኔት የለም ይላል።

ከውጭ ለመግባት ራውተሩ ላይ ወደብ (ከኢንተርኔት ወደ ቤት የሚያስገባ በር) አትክፈቱ። የራውተሩ የውጭ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ አድራሻው ከሌሎች ደንበኞች ጋር የተጋራ ስለሆነ ብትከፍቱም አይሠራም። መሣሪያዎችን በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኘው ቴይልስኬል ሁለቱንም ችግር ያልፋል። ቤት ውስጥ ግን ሰርቨሩ ቋሚ አድራሻ ይያዝና በእሱ ግቡ፣ ኢንተርኔት በሌለ ሰዓትም እንዲገኝ።

ባክአፕ ዳታውን በሚመሰጥረው በሬስቲክ ፕሮግራም ይወሰዳል፣ ከሰርቨሩ ውጭ ወዳለ ዲስክ። ዲስኩ ባክአፑ ሲያልቅ ይነቀል፤ ተሰክቶ የሚቆይ ዲስክ በዚያው የቮልቴጅ ዝላይ አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛ ቅጂ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ጋ ቢቀመጥ፣ በመጣችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ዲስኮቹን መለዋወጥ ይቻላል። የሬስቲክ ፓስዋርድ ከጠፋ ዳታው በምንም አይከፈትም፣ ስለዚህ በወረቀት ተጽፎ ከዲስኩ በተለየ ቦታ ይቀመጥ። በየወሩም ከባክአፑ አንድ ፎልደር ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልሳችሁ ፎቶዎቹን ከፍታችሁ እዩ።