ሦስት ቦቴ ቤንዚን ለትራስ

ሸዋ ሮቢት ተወልጄ አደግኩ። ስድስት ዓመት ዓረብ አገር የድፍድፍ ነዳጅ ማጠራቀሚያ ታንከር ስጠግን ቆይቼ ነው የተመለስኩት። እዚያ ትልልቁ ታንከር ሁሉ ከላይ ክፍት ነው። ጣሪያው ነዳጁ ላይ ይንሳፈፋል፤ ነዳጅ ሲገባ ከፍ፣ ሲቀዳ ዝቅ ይላል። በመሃላቸው ባዶ ቦታ ስለሌለ ተን አይጠራቀምም። ከቋሚ ጣሪያ ጋር ሲነጻጸር ትነቱ ከ90 በመቶ በላይ ይቀንሳል። የሚቃጠለው ደግሞ ተኑ ነው።

ስለዚህ ደብረ ብርሃን ዳር ለሚሠራ የግል የነዳጅ ዴፖ አምስት ታንከር ምረጥልን ስባል ብዙም አላሰብኩም። ሁለቱ ለቤንዚን፣ ሦስቱ ለናፍጣ ነበር። "አምስቱም ተንሳፋፊ፣ ክፍት" ብዬ ጻፍኩ። ያንን ወረቀት ዛሬ ሳየው አፍራለሁ።

መጀመሪያ የተሰረዘው የናፍጣው ነው። እኛ ጋ ድፍድፍ አይመጣም፤ በጅቡቲ የሚገባው ተጣርቶ ያለቀ ነዳጅ ነው። ቤንዚን እንደ ድፍድፍ ቶሎ ይተናል። ናፍጣ ግን በእኛ አየር ትነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ቋሚ ጣሪያ ይበቃዋል። ናፍጣ ላይ ተንሳፋፊ ጣሪያ ማድረግ ለመንዝ በግ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ እንደ መግዛት ነው።

በቤንዚኑ ያረሙኝ የግቢው ዘበኛ ናቸው። ስዕሉን ዘርግቼ ሳሳያቸው፣ "ልጄ፣ ሐምሌን እዚህ ከርመህ ታውቃለህ?" አሉኝ። አላውቅም፤ የቆላ ልጅ ነኝ። "በረዶው ሲወርድ እኮ በአካፋ ነው የምንጠርገው" አሉ።

ነገሩ ገባኝ። ክፍት ጣሪያ ላይ የወረደ ዝናብ ወደ ውጭ የሚፈሰው በታንከሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው። የቱቦው አፍ በበረዶ ከተደፈነ ውሃው እላዩ ላይ ይተኛል። ጣሪያው ያዘነብላል፤ ከባሰም ይሰምጣል። ኤፒአይ 650 የሚባለው የአሜሪካ የታንከር አሠራር መስፈርት ጣሪያው በ24 ሰዓት የወረደ 250 ሚሊሜትር ዝናብ ተሸክሞ እንዲንሳፈፍ ያዛል። ወረቀት ላይ ይቻላል። ግን ክረምቱን ሙሉ ማነው እየወጣ ቱቦ የሚጠርገው? ለሁለቱ ከላይ ቋሚ ጣሪያ፣ ከውስጥ ቀለል ያለ የአሉሚኒየም ተንሳፋፊ አደረግን። ያመለጠ ተን እንዳይታጎር በቋሚው ጣሪያ ዙሪያ የአየር መውጫ ከፈትን። ወንፊት አይረሳ፤ እርግብ ይገባል።

"ብርድ አገር ነው፣ ምን ይተናል?" ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ 101 ኪሎፓስካል ሲሆን እዚህ 72 አካባቢ ነው። ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የባቄላ ንፍሮ አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ቤንዚኑንም ከላይ የሚጫነው አየር ያነሰ ነው። በዚያ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ጠራራ ፀሐይ። ቋሚ ጣሪያ ብቻ ያለው ታንከር ቀን ተን ይተፋል፣ ሌሊት አየር ይስባል።

የመሬት መንቀጥቀጡንም አልዘነጋሁም። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳልነበረች አድርጓታል። በ2017 የአዋሽ ፈንታሌውን እኛም ቤታችን ሆነን ቆጥረናል። ነዳጁ ሲናጥ ተንሳፋፊው ጣሪያ ግድግዳውን ይመታል፤ ወደ ላይም ይነሳል። ስለዚህ እስከ አፍ አይሞላም።

ከሁሉ ያቃጠለኝ የግድግዳው ክብነት ነው። ጣሪያውና ግድግዳው መሃል ያለውን ክፍተት የሚዘጋ ማሸጊያ አለ። ግድግዳው ክብ ካልሆነ ማሸጊያው በአንድ ጎን ይላላል፣ በሌላው ይጣበቃል። የእኛ ታንከር ዲያሜትሩ 14 ሜትር ነው። ከወለሉ 30 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ሲለካ፣ ከራዲየሱ ቢበዛ 19 ሚሊሜትር መውጣት ወይም መግባት ነው የሚፈቀደው። አንድ ቦታ 31 አገኘሁ። ኮንትራክተሩ "ሲሞላ ይስተካከላል" አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ታች የጀመረው ጥመት ወደ ላይ ብሶ፣ በውሃ ስንፈትነው ጣሪያው አራት ሜትር ላይ በአንድ ጎኑ ተቀርቅሮ ቀረ። ውሃው ወረደ፣ ላሜራው ተቆርጦ እንደገና ተበየደ። ሦስት ሳምንት በላ።

ከዚያ የእግሩ ጣጣ መጣ። ተንሳፋፊ ጣሪያ ነዳጁ ሲጎድል የሚቆምበት እግር አለው፤ የእኛው 90 ሴንቲሜትር ነው። ጣሪያው እግሩ ላይ ከቆመ በኋላ ከቀዳህ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። አየርና ተን እዚያ ይደባለቃሉ። ሊፈነዳ የሚችለው ይኼ ድብልቅ ነው። እንደገና ስትሞላም ተኑ ሁሉ ተገፍቶ ይወጣል። ስለዚህ ከዚያ በታች አይቀዳም። በአንድ ታንከር ሁልጊዜ ከሥር የሚቀረው ወደ 138,000 ሊትር ነው፤ ሦስት ቦቴ።

ባለቤቱ ይህን ሲሰሙ ተነሱብኝ። "ሦስት ቦቴ ቤንዚን ለጣሪያ ትራስ ይሁን ነው የምትለኝ?" እኔም ይህን ከግዢው በፊት አልነገርኳቸውም ነበር። ከመጀመሪያው ብናገር ታንከሩን ትንሽ ከፍ አድርገን እናሠራው ነበር።

አንድ ሳምንት ቦቴ ዘገየና ማታ ማታ እስከ ታች ቀዱት። ነዳጁ መጥቶ ሲራገፍ ሽታው ግቢውን ሞላው። የደወሉልኝ ዘበኛው ናቸው። ሮጬ ደርሼ ጣሪያው እስኪንሳፈፍ ድረስ ነዳጁ በቱቦ የሚገባበት ፍጥነት በሰከንድ ከ1 ሜትር በታች እንዲሆን አደረግሁ፤ ነዳጅ ሲፈጥን የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊያመጣ ይችላል።

በማግስቱ 1.10 ሜትር ላይ ሲደርስ ፓምፑን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አስገባን። ከመጠን በላይ እንዳይሞላም ከመለኪያው የተለየ ሌላ መቆጣጠሪያ አስገባን። እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዝ ውስጥ በባንስፊልድ የነዳጅ ዴፖ የጋየው ታንከርም ውስጡ ተንሳፋፊ ጣሪያ ነበረው። መለኪያው ቀጥ ብሎ፣ መጠባበቂያውም ሳይሠራ ቀርቶ ነው ቤንዚኑ የፈሰሰው።

ባለቤቱ አሁንም ሲያገኙኝ "ትራስህ እንዴት ነው?" ይሉኛል።