ከአንቀልባ ወደ ሰሌን

ሕፃን ሲድህ የሚጠነክረው ጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ አእምሮውም አብሮ ይሠራል። ባሕር ዳር ሽምብጥ ባለው ቤታችን ሰሌን ዘርግቼ ሴት ልጄን ከአንቀልባ ማውረድ ያበዛሁት ይህን አምኜ ነው።

አማቴ መጀመሪያ አልወደዱትም። «ልጅ በጊዜው ይሄዳል፤ ምን አስቸኮለሽ ልጄ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመዘኛ ጤናማ ሕፃናት ብቻቸውን መራመድ የሚጀምሩት ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ከመቶ አራት ያህሉ ደግሞ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ይቆማሉ። የጎረቤት ልጅ ቀድሞ ዳዴ ቢል የሚያስጨንቅ ነገር የለውም።

የእኔ ፍላጎት ማስቸኮል ሳይሆን ቦታ መስጠት ነበር። በሰሜን ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1966 የተወለዱ ሰዎችን ከሕፃንነት እስከ ጉልምስና የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ቀድመው የቆሙት ሕፃናት በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው ነገሮችን በመመደብና የአስተሳሰብ መንገድን በመለወጥ ፈተና በአማካይ የተሻሉ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ልዩነቱ በአንጎላቸው ምስል ላይም፣ እንቅስቃሴን በሚያቅደው የፊት ክፍልና ሚዛንንና የእንቅስቃሴ ቅንጅትን በሚያግዘው የኋላ ክፍል (ሴሬቤለም) ታይቷል። ይህ ዝምድና ነው እንጂ «ቀድሞ የቆመ ሊቅ ይሆናል» ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚያስፈራራችሁን ወላጅ አትስሙት።

እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ በዓይኔ ያየሁት ነው። ኩባያ ከነጠላ ሥር ስደብቅ ቀድሞ ወዲያው ትረሳው ነበር፤ መዳህ ከጀመረች በኋላ ግን ነጠላውን ገልጣ ትፈልገዋለች። በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ሕፃናት ርቀትንና ጥልቀትን፣ የተደበቀ ዕቃም ያለበትን ቦታ ቶሎ እንደሚረዱ በጥናት ታይቷል።

ያደረግሁት ቀላል ነው። ከሰል ማንደጃውንና ጀበናውን ወደ ውጪ አወጣሁ። ቅሉን ከእጇ ትንሽ አራቅሁላት፤ ተደግፋ የምትቆምበት በርጩማም ግድግዳ አስጠግቼ አኖርሁ። የባሕር ዳር ሙቀት ከመበርታቱ በፊት፣ ጠዋት ጠዋት ነቅታ ሳለች በሆዷ አጋድማት ነበር። አንቀልባውን አልጣልሁትም፤ ገበያ ስንወርድ እዚያው ጀርባዬ ላይ ሆና ሰው ታያለች፣ ወሬ ትሰማለች። አማቴም በኋላ ከሰሌኑ ማዶ ተቀምጠው «ነይ ወደ እኔ» የሚሏት እሳቸው ሆኑ።

ልጅ በ18 ወሩ ካልተራመደ፣ ወይም የቻለውን ነገር መልሶ ካጣ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። የደም ማነስም እንቅስቃሴንና አእምሮን አብሮ ሊያዘገይ ስለሚችል፣ 6 ወር ከሞላት ጀምሮ ምስርና አጥንቱ በደንብ የተለቀመ የጣና ዓሣ ከምግቧ አልለየሁባትም።