ዕቃው ጸድቋል፤ ኮምፒውተሩስ?

ኮምፒውተር ገጣጥሞ የሚሸጥ ሰው «እያንዳንዱ ዕቃ ሲኢ (የአውሮፓን ደንብ ያሟላል የሚል ምልክት) አለው፣ እኔን አይመለከተኝም» ሲል ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ሱቅ ያላቸው አንድ ሐጂ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አዲሱ ኮምፒውተር ሲበራ ሬዲዮው ይንጫጫል፣ ጎረቤትም አማረረ» አሉ። «አብሽሩ ሐጂ፣ እመጣለሁ» አልኳቸው። ገጣጥሞ የሸጠላቸውንም ልጅ ጠራነው።

ትንሽ የባትሪ ሬዲዮ ኤፍኤም ላይ ደከም ያለ ጣቢያ አስይዤ በኮምፒውተሩ ዙሪያ አዞርኩ። ከፊት ለፊት ብዙም የለም። ወደ ኋላው ሲጠጋ ግን ጣቢያው ጭራሽ ጠፋ። ከኋላ የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) መሸፈኛ የብረት ሳህን አልተገጠመም። የካርድ ቀዳዳዎቹ ክፍት ናቸው፣ የኬዙ ጎን ፕላስቲክ ነው፣ የስክሪኑ ገመድም ውስጡ መከላከያ ጥልፍ የሌለው ርካሽ ነው። ማዘርቦርድ በሰከንድ በብዙ ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ ሲግናል ይዞ ነው የሚሠራው፤ ያንን አፍኖ የሚይዘው ዙሪያውን የዘጋ ብረት ነው፤ ክፍተት ካገኘ ይወጣል፣ ገመድ ካገኘ ደግሞ ገመዱን አንቴና ያደርገዋል።

ልጁ «ወንድሜ፣ ሁሉም ኦሪጅናል ነው» ብሎ የማዘርቦርዱን ካርቶን አምጥቶ ምልክቱን አሳየኝ። ምልክቱ እውነት ነው። ግን ያ ቦርድ ሲፈተን ከዚህ ኬዝና ከዚህ ገመድ ጋር አልነበረም።

አሜሪካኖቹ ይህን በደንብ አስበውበታል። የመገናኛ ተቆጣጣሪያቸው ኤፍሲሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው ደንብ፣ ከጸደቁ ክፍሎች የተገጣጠመ ኮምፒውተር እንደገና ላቦራቶሪ ሳይገባ እንዲሸጥ ፈቀደ። ነገር ግን ክፍሎቹ በመመሪያቸው መሠረት መገጠም አለባቸው፣ ለጠቅላላው ኮምፒውተር ተጠያቂውም ገጣጣሚው ነው። አውሮፓም ቢሆን ሲኢ ያላቸው ሁለት ዕቃዎች ስለተገጠሙ ብቻ ውጤቱ ደንቡን አሟልቷል አይባልም። ለመኖሪያ ቤት የሚሆነው የሬዲዮ ረብሻ ገደብ፣ ክላስ ቢ፣ ለፋብሪካና ለንግድ ቦታ ከሚሆነው ክላስ ኤ ይበልጥ ጥብቅ የሆነውም፣ የሰው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ቅርብ ስለሆነ ነው። ከሐጂ ሱቅ ጀርባ ደግሞ ሰው ይኖራል።

ካርቶኑን ተቀብዬ ስከፍተው ሳህኑ ከነላስቲኩ እዚያው ውስጥ ተቀምጧል። ገጠምነው። ቀዳዳዎቹን ዘጋን፣ ገመዱንም ጫፉ ላይ ፌራይት (የሬዲዮ ረብሻን የሚያፍን እብጠት) ባለው ቀየርን። ጩኸቱ በጣም ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም፤ የቀረው የኬዙ ነው። ልጁ የኬዙን ሒሳብ ሐጂ ይክፈሉ አለ። አይሆንም፣ ኬዙን የመረጥከው አንተ ነህ አልኩት። ትንሽ ተከራከረ፣ ከዚያ በራሱ ወጪ የብረት ኬዝ አምጥቶ ቀየረው።