ከጨረቃ ጀርባ

ዛሬ ከሥራ ወጥቼ ቤት መግባት አስጠላኝ። ምክንያት የለኝም። ማለቴ አለኝ፣ ግን ስለ እሱ አልጽፍም ብያለሁ። ባጃጁን ጣና ሐይቅ ዳር አስቁሜ ወረድኩ። አንድ ሰውዬ ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ ድንጋይ ላይ አስደግፎ ያንጠፈጥፋል። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ከጫፉ ጠብ ጠብ ይላል። “ካልደረቀ ይከብዳላ እህቴ” አለኝ፣ ሳልጠይቀው። ስልኬ ጠራ። እሱ ነው። አላነሳሁም። ወዲያው መብራት ጠፋ።

ከተማው ድርግም ሲል ሰማዩ ይመጣል። ዘጌ በኩል አንድ ኮከብ ቦግ ብሎ ይታያል። ቬነስ መሆን አለባት። እኛስ ከሌላ ቦታ እንዲህ እንታይ ይሆን?

እንታያለን። ማርስ ላይ ለቆመ ሰው ምድር አንዳንዴ የማታ ኮከብ ናት፣ አንዳንዴ የአጥቢያ። እ.ኤ.አ. በ2004 ስፒሪት የምትባለው ሮቦት እዚያ ሆና፣ ፀሐይ ሳትወጣ ፎቶ አንስታናለች። ከጨረቃ ወዲያ ካለ ሌላ ዓለም ላይ ቆሞ እኛን ያነሳ ከዚያ በፊት አልነበረም። ከ10 ዓመት በኋላ ሌላዋ የማርስ ሮቦት ኩሪዮሲቲ ባነሳችው ላይ ደግሞ ጨረቃችንም ከጎን አለች። ሁለት ነጥብ። አለቀ።

ሁሉም ሰው የሚያወራው ግን ስለ ቮየጀር 1 ፎቶ ነው። ሐሳቡ የሥነ ፈለክ ሊቁ የካርል ሴጋን ነበር፤ መንኮራኩሯ ካሜራዋ ለዘለዓለም ከመዘጋቱ በፊት ዞር ብላ እንድታነሳን። 6 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነበር። ምድር አንድ ፒክሰል (ፎቶው ከሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች አንዷን) እንኳ አልሞላችም፤ 0.12 ፒክሰል ናት። ቀኑን ወደኛ አቆጣጠር መለስኩት፦ የካቲት 7 ቀን 1982። ረቡዕ። ጾም ነው፣ አገሩ ሽሮ ላይ ነው። በዚያው ሳምንት ምጽዋ ላይ ውጊያ ነበር። ስንቱ እናት ሬዲዮ ላይ ጆሮዋን ተክላ ነበር። ይሄ ሁሉ በዚያች በ0.12 ውስጥ ነው።

ሰዎች ይህን ፎቶ ሲያዩ ችግራቸው ትንሽ ሆኖ ይታያቸዋል አሉ። እኔን እንዲህ አያደርገኝም። የምጽዋው ልጅ ከ6 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ስላልታየ ሞቱ አነሰ? የእኔም የቤት ኪራይ ከሩቅ አይቀንስም። ከሩቅ ማየት ራሱን የቻለ ደስታ አለው፣ እሺ። መድኃኒት ነው ሲሉኝ ግን ይደብረኛል።

የሳተርኑ ደግሞ ያስቃል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2013 ካሲኒ የምትባለው መንኮራኩር ከሳተርን ቀለበቶች ጀርባ፣ ከ1.4 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ልታነሳን ስትል ናሳ ለዓለም ሕዝብ ቀድሞ ተናገረ። ውጡ፣ ቀና በሉ፣ እጃችሁን አውለብልቡ ተባለ። እኛ ክረምት ላይ ነን፣ ደመና ነው፣ ማን ነግሮን። ቢነግሩንስ? በሰዓቱ ፀሐይ ያረፈባት ገጽ የሰሜን አሜሪካ በኩል ነበር። እኛ ጋ ሌሊት። ይኸው ለዓለም ፎቶ እንኳ መብራት ጠፍቶብን ተነሳን።

ከሁሉም ያልለቀቀችኝ ግን ጨረቃ ናት። ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ብቻ ነው ወደኛ የምታዞረው። ስለዚህ በዚያ ፊቷ ላይ ለቆመ ሰው ምድር አትወጣም፣ አትጠልቅም። ትንሽ ወዲያ ወዲህ ትላለች እንጂ ሰማዩ ላይ አንድ ቦታ ተንጠልጥላ ትኖራለች። እኛ ጨረቃን ከምናያት ወደ አራት እጥፍ በሚጠጋ ወርድ። ትጎድላለች፣ ትሞላለች፣ ግን የትም አትሄድም። እ.ኤ.አ. በ1968 የአፖሎ 8 ሰዎች ምድር ስትወጣ ያነሱት እነሱ ራሳቸው ጨረቃን እየዞሩ ስለነበር ነው። ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን ቀና ባለ ቁጥር አለች። እንደሱ ዓይነት ነገር ሰማይ ላይ ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ጀርባዋ ላይ ያለው ደግሞ ምስኪን ነው። ዕድሜ ልኩን ምድርን አያያትም። እዚያ ተወልዶ የሚያድግ ልጅ ቢኖር፣ “ወዲያ ማዶ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ነገር አለ፣ ሰውም ሞልቶባታል” ብንለው ያምነናል? ወይስ የአዋቂ ተረት ነው ብሎ ይተወናል? እኔ ብሆን ሄጄ አይ ነበር። ስንቄን ቋጥሬ፣ ጨረቃን ግማሽ ዞሬ ቢሆን እንኳ!

እንዲህ እያልኩ እየፎከርኩ ጎርጎራ ትዝ አለችኝ። ጣና ማዶ አለች ይባላል፤ ከባሕር ዳር አትታይም። እዚሁ ተወልጄ አድጌ አንድ ቀን አልረገጥኳትም። ባለፈው እህቴ ስትሄድ “ነይ አብረን” ብላኝ ነበር። ጀልባ ያጥወለውለኛል አልኳት።