ለማክሰኞ አጥቢያ
ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውሎ «አንዴ ዱባይ ከገባሁ ቻይና ቅርብ ነው አይደል? ሁለቱም እስያ ናቸው» አለኝ። ያ ሌሊት ትዝ ብሎኝ ሆዴ ተላወሰ።

ቅርብ አይደለም። ከአዲስ አበባ ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዱባይ የቻይናዋ ከተማ ጓንዡ ግን 5,800 ይሆናል፣ ከእጥፍ በላይ! በቀጥታ በረራ ሰባት ሰዓት ከምናምን ይፈጃል። ስትመለሱ ነፋሱ ከፊት ስለሚመጣ ስምንት ሰዓት ያልፋል። ጓንዡ ደግሞ ዱባይን በአራት ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ ሌሊት 8፡40 የተነሳ ሰው በነሱ ሰዓት ከቀኑ 8 ገደማ ነው የሚያርፈው።

ያኔ ዱባይ፣ ዴራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት የልብስ ነጋዴ ጋ እሠራ ነበር። ዕቃ እንድመርጥላት ጓንዡ ላከችኝ። ትኬቱ «ማክሰኞ 02:40» ይላል። ሁለት ዓመት በፈረንጅ ሰዓት ኖሬያለሁና ከሌሊቱ 8፡40 መሆኑ አልጠፋኝም። የሳትኩት ቀኑን ነው። ለእኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው። ማክሰኞ ሌሊት ማለት ማክሰኞ ተውሎ፣ ተመሽቶ ነው። በነሱ ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ ማክሰኞ ገብቷል።

ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ኤርፖርት ደረስኩ። ጓንዡ ላሉ ልጆች በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ይዣለሁ። ሻንጣዬ ሚዛን ላይ ወጥቶ 23 ኪሎ አሳየ። ልጅቷ ፓስፖርቴን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ ደግማ ፓስፖርቴን አየች። ከዚያ ትኬቴን ወደ እኔ አዙራ ቀኑን በቀይ ጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። «ይሄ ከሃያ ሰዓት በፊት ሄዷል።»

ሻንጣውን ከሚዛኑ ራሴ አወረድኩት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ያየኛል። ትኬቱ ተቃጠለ፣ አሠሪዬም ገንዘቡን ከደሞዜ ቆረጠች። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን ያ ሻንጣ ማውረድ ነው። አካውንቲንግ ተምሬ የተመረቅኩ ሰው ነኝ። ቀን ማንበብ የማትችል መስዬ ቆምኩ።

አማርኛ እኮ ለዚህ ጥርት ያለ ቃል አለው፤ ለማክሰኞ አጥቢያ። እናቴ በዓል ስትቆጥር የምትለው ነው። ትኬቱን በእናቴ አማርኛ ባነበው ኖሮ አልሳሳትም ነበር።

ሁለተኛው ትኬት በባንኮክ በኩል ነበር፣ ስለረከሰ። ስድስት ሰዓት በረራ፣ ከዚያ ሌላ ሦስት ሰዓት የማይሞላ። መሐል ላይ ግን ዘጠኝ ሰዓት ወንበር ላይ ተኮራምቼ ጠበቅሁ። ርካሽ ትኬት ስታዩ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ።

ጓንዡ ስደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ። ምሳ ሰዓት ላይ ነጋዴው በልቶ ጠረጴዛው ላይ ይደፋል። ገዢ ቆሞም ቢሆን እንቅልፉን አይሰዋም። እኛ ደግሞ ከሰዓት ብለን ተቃጥረን 11 ሰዓት ላይ ብቅ እንላለን።

ዱባይ ገብተን ወደ ቻይና እንሻገራለን የምትሉ፣ «እዚያው ጎረቤት ነው» የሚላችሁን ደላላ አትስሙት። በንግድ ቪዛ ገብቶ ተቀጥሮ መሥራት ሕገ ወጥ ነው። ብትያዙ ደላላው አጠገባችሁ አይኖርም።

የአክስቴ ልጅ ትኬቱን ቆርጧል፤ «ሐሙስ 01:20» ይላል። ሐሙስ ማታ እወጣለሁ ብሎኛል። ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ቦሌ ሁን፣ ለሐሙስ አጥቢያ ነው አልኩት። ሁለቴ አስደገምኩት።