ልጁ የት ቆሟል?

ስለ ብቸኝነት የሚያወራ የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ስመርጥ ጽሑፉን ቀድሜ አላነብም። ገጽ በገጽ እየገለጥሁ ልጁ የት እንደቆመ አያለሁ። ጎበዝ ሠዓሊ ብቸኛውን ልጅ አሳንሶ ወደ ጥግ ይወስደዋል፣ ዙሪያውን ባዶ ይተውለታል፤ ሌሎቹ ከመጽሐፉ መታጠፊያ ማዶ ይጫወታሉ። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት አብዛኞቹ 32 ገጽ ናቸው፤ ልጁ መታጠፊያውን የሚሻገረው አንዱ ገጽ ላይ ነው። እዚያ ሲደረስ ቶሎ አይገለጥም።

የጎንደር ልጅ ሥዕል ማንበብ አያቅተውም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴም ጭምር፣ ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉው ደግሞ በጎን በአንድ ዓይኑ ይሳላል። ስለዚህ በጎኑ የተሳለውን ብቸኛ ልጅ አይቶ «ይሄ ክፉ ነው?» የሚል ሕፃን ቢኖር አያስቅም። «ምኑን አይተህ ነው?» ማለት ከእርማት ይሻላል።

በክፍል ጮክ ብሎ ሲነበብ ከ8 እስከ 10 ልጅ በግማሽ ክብ ቢቀመጥ በቂ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የኋለኞቹ ጥግ ላይ ያለውን ትንሽ ልጅ አያዩትም። አንባቢው መስኮት ከጀርባው ካደረገ ገጹ ይጨልማል፤ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ከሆነ አማርኛውን ቀድሞ በብጣሽ ወረቀት መጻፍ ነው፤ እያነበቡ መተርጎም ዓይንን ከልጆቹ ላይ ይነቅላል።

ትልቁ ጥፋት «ከመካከላችን እንደሱ ብቸኛ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ከገጠር በቅርቡ የመጣችውን ወይም ኮልታፋውን ልጅ ያያል። ጥያቄው በሥዕሉ ላይ ይቆይ፦ «አሁን ማንን እያየ ነው?» ከዚያ በልብ እስከ አምስት መቁጠር። መምህራን ይህቺ ዝምታ ትከብዳቸዋለች።

አጨራረሱንም ቀድሞ ማየት ነው። የተለየው ልጅ ሁሉን ከአደጋ አድኖ ሲወደድ፣ ሕፃኑ የሚሰማው «ካልጠቀምክ ቦታ የለህም» የሚለውን ነው። እኔ ግን አንዱ «ጠጋ በሉለት» ብሎ ቦታ የሚለቅበትን እመርጣለሁ። ብቻውን መሆን ደስ የሚለው ልጅ ያለበትም አንድ ይኑር።

ሲያልቅ «ምን ተማርን?» አይባል። መጽሐፉ ሽፋኑ እየታየ ልጆቹ በሚደርሱበት መደርደሪያ ይቀመጥ፤ በማግስቱ «ድገሙልን» ካሉ መድገም ነው።